ወደ ግራ የቆሙት አምስት ቀኖች

ባለፈው ሰሞን ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ መስመር ጻፈች። ወዲያው የውጭ አገር አክሲዮን ገበያ ዋጋ፣ የስንትና ስንት ኩባንያ፣ የስንትና ስንት ቀን፣ እንደ ርብ ወንዝ ሙላት ከላይ ወደ ታች ግልብጥ ብሎ ወረደ።

«አየህ አባዬ? አንድ ፎርሙላ ብቻ ነው። የፈለግኸውን ያህል ዋጋ ባንዴ ይጠራልሃል» አለችኝ።

«ይኼማ የኔ ሥራ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ሚስቴም ከጓዳ ሆና ሳቀች። ቤቴ ውስጥ እውነት ስናገር ይሳቃል፤ ስዋሽ ደግሞ በጥሞና እደመጣለሁ። ግን እውነቴን ነበር። ከሚሊኒየሙ በኋላ በነበሩት ዓመታት እኔም ወረታ ላይ ተቀምጬ በአንድ ፎርሙላ የስድስት ገበያ ዋጋ እጠራ ነበር። ልዩነቱ የኔ አክሲዮኖች ቀንድ የነበራቸው፣ አንዳንዶቹም ልጣጭ ያላቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ዛሬ ያንን ሥራ ትቼ የሩዝ መፈተጊያ ቤት ኃላፊ ሆኛለሁ። ኃላፊ ማለት መብራት ሲጠፋ የሚሰደበው ሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ጸጥ ሲል፣ የሩዙ ገለባ አቧራ በበሩ ብርሃን ላይ ሲንሳፈፍ፣ ያ የድሮው ሥራዬ በሰመመን ይመጣብኛል። የማስታውሰውን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

የደሴ ልጅ ነኝ። ወደ ወረታ ስመደብ ሜዳ የሚባል ነገር በቅጡ አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ሰው ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚያየው የጎረቤቱን ጣሪያ ነው። ፎገራ ላይ ግን ዓይን መሄጃውን ያጣል። በተለይ በክረምት፣ ውሃው ሜዳውን ሲሞላው፣ ሰማዩ ከላይም ከታችም ይሆናል። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች እንደ ደሴት ይቆማሉ፤ ከብቱ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በደመና ላይ የሚግጥ ይመስላል። ጭቃውስ? የመጀመሪያው ሐምሌ ላይ የቀኝ እግር ጫማዬን ወሰደ። እስከ ዛሬ አልመለሰም። ምናልባት አሁን ጣና ማዶ አንዱ አድርጎት ይሄድ ይሆናል።

ደሞዙ እንደ ሜዳው ጭጋግ ነበር፤ ጠዋት ይታያል፣ ረፋዱ ላይ የለም። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሥራችን የገበያ መረጃ ይባላል። የወረታን፣ የይፋግን፣ በዙሪያው ያሉትንም አራት ገበያዎች ዋጋ እንሰበስባለን፤ ጤፍ፣ ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ሰንጋ፣ ላም። ከዚያም ወረታ ገበያ መግቢያ ላይ በቆመ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን፤ ገበሬው ከደላላ አፍ ሳይሆን ከሰሌዳ ዋጋ እንዲያውቅ ነው። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ አገሬው ስሜን ትቶ «አቶ ሰሌዳ» አለኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሼ ውበቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓመቱን ሙሉ ቦት ጫማ የማያወልቅ፣ ማስታወሻ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ባርኔጣው ሥር የሚይዝ ሰው ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ራሱን ሲሸፍን እሱ ደብተሩን ነበር የሚሸፍነው። ሩዙን በጥርሱ ሰብሮ ድምፁን ይሰማል፤ «ቀጭ» ካለ ደርቋል፣ «እምጭ» ካለ ገና ነው። ሽንኩርቱን አንገቱን ጫን ያደርገዋል። ሰንጋ ተራ ሲደርስ ግን ምንም አይነካም። ዝም ብሎ ከበሬው ኋላ ይቆማል።

«ለምን ከኋላ?» አልኩት የመጀመሪያው ቀን።

«ከፊት የቆመ ሻጩን ይሰማል። ከኋላ የቆመ ደግሞ ገዢው ለጓደኛው የሚያንሾካሹከውን ይሰማል።»

«ቢረግጥህስ?»

«ሲረግጥህ ዋጋው ከፍ ያለ በሬ መሆኑን ታውቃለህ።»

ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። መጠየቅ ዋጋን ያበላሸዋል ባይ ነው። «ሦስት ዋጋ አለ» ይለኝ ነበር። «የመጀመሪያው የሻጩ ሕልም ነው። ሁለተኛው የገዢው ስድብ ነው። ሦስተኛው ዋጋ ነው። ሦስተኛውን እስክትሰማ እርሳስህን አታንሣ።» ሦስተኛውን ያልሰማ ዕለት፣ ወይም ውሃ ሞልቶ ይፋግ መድረስ ያልቻለ ዕለት፣ በደብተሩ ላይ ባለው ባዶ ቦታ አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፦ «አልሰማሁም።»

ይህ ቃል ከአለቆቻችን ጋር አጣላን። በኔ ጊዜ ሦስት አለቆች ተፈራረቁ። አንደኛው ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ጠረጴዛዎቻችንን ሁሉ በክብ አስቀመጠ፤ እንደ ማኅበርተኛ ተያይተን ዋልን። ሁለተኛው አንድ ለአምስት ሲያደራጀን አራት ሰው ብቻ ስለነበርን ዘበኛውን አምስተኛ አድርጎ ሞላን። ሦስተኛው፣ በእርግጥ ትጉህ ሰው ነበር፣ በአንድ ግምገማ ላይ የጋሼ ውበቱን ቅጽ ከፍ አድርጎ፣ «ባዶ ቦታ የሰነፍ ምልክት ነው። አልሰማሁም የሚባል ሪፖርት የለም!» አለ።

ጋሼ ውበቱ ተነሥቶ፣ «ጌታዬ፣ ባዶውም እኮ ወሬ ነው። ገበያው አልተደረሰበትም ማለት ነው» አለና ተቀመጠ። ለእሱ ረጅም ንግግር ነበር።

ግንቦት ላይ ለኤክሴል ሥልጠና ባሕር ዳር ተላክሁ። አሥር ቀን ተምሬ ስመለስ ወረታ ጠበበችኝ። ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ተጋባሁ ማለት ይቻላል። ያ ኮምፒውተር ተከፍቶ እስኪነሣ ድረስ ጣራ ገዳም ወጥቶ፣ ተሳልሞ፣ ተመልሶ መድረስ ይቻል ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን ያችን ፎርሙላ ሠራኋት።

እንዲህ ነበረች። እያንዳንዱ ገበያ አንድ ገጽ አለው፤ በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በጎኑ ዋጋው። ፎርሙላዋ ወደ ስድስቱም ገጽ ትገባና፣ ከቀኖቹ መካከል ትልቁን፣ ማለትም የመጨረሻውን፣ ትፈልጋለች። ከዚያ ከጎኑ ያለውን ዋጋ ይዛ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ጽፌ ወደ ታችና ወደ ጎን ስጎትታት የስድስቱ ገበያ የሃያ ዓይነት ዕቃ ዋጋ በአንድ ትንፋሽ ተሞላ። ባዶ ቦታ ጠፋ። አንዱ ገበያ ባይደረስበት የባለፈውን ዋጋ ታመጣለችና። አለቃችን አይቶ ጨበጠኝ። እኔም የተሞላውን ሠንጠረዥ ሳይ፣ ያ ሁሉ ሜዳ፣ ያ ሁሉ የሰውና የከብት ጩኸት፣ ውሃውን ተሻግሮ ጣቴ ሥር የተሰበሰበ መሰለኝ። ሳልሄድ የደረስኩ መሰለኝ። ሕልም ነበር፤ ጥሩ ሕልም።

ጋሼ ውበቱ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ቆንጆ ነው። አሁን ወጥተህ ስማ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እሷ ትሰማለች እኮ።»

«እሷ ትደመጣለች እንጂ አትሰማም» ብሎ ቦቱን እየጎተተ ወጣ።

ጳጉሜ መጣች። ጋሼ ውበቱ በየዓመቱ ጳጉሜ ሲጠባ ለጉልበቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳል፤ ያኔ ቢሮው ቢቃጠል እንኳ አይመጣም። ሲሄድ በር ላይ ዞሮ፣ «ሰሌዳው ላይ ከመጻፍህ በፊት አንድ ጊዜ ሰንጋ ተራ ቁም። አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የጳጉሜ ሦስት ዕለት፣ የሩፋኤል፣ ገበያ ዋለ። የሩፋኤል ዝናብ በረከት ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ደስ እያለው ይበሰብስ ነበር። እኔ ግን መስኮቱ ሥር ሆኜ ያንን ጭቃ አየሁትና የግራ እግር ጫማዬ አሳዘነኝ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ከየገበያው የመጡትን ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቼ ነበር። ፎርሙላዋ ዋጋውን ጠራች። አተምኩት። በዝናብ መሐል ሮጬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከላዩም በሚያምር እጅ ጽሑፌ «ጳጉሜ ፫» አልኩበት። የሰሌዳው ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ሳይቀር ጽሑፌን የሚያደንቅ መሰለኝ።

እትዬ የሻረግን ያገኘኋት ያኔ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል እየሰጠች የምትኖር፣ ሌላ ሰው አርሶ ግማሹን የሚወስድባት ሴት ናት። አንድ ሐሳብ ነበራት፣ እሱንም ወረታ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሰንጋዋን ቡሬን ለዘመን መለወጫ ሸጣ የውሃ ሞተር ገዝታ፣ ውሃው ሲሸሽ ሽንኩርቷን በገዛ መሬቷ፣ በገዛ እጇ ልታለማ። ሻጩ አንዱን ሞተር እስከ በዓሉ ይዞላት ነበር። ቡሬን ከወንድሟ ጋር ሆና እየነዳች መጣች። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጀርባው ላይ አራት ሰው ተቀምጦ ገበታ የሚቆርስበት በሬ ነበር። አጋነንኩ፤ ሦስት ሰው።

«አቶ ሰሌዳ፣ እኔ ፊደል የለኝም። ስለ ሰንጋ ምን ይላል?» አለችኝ።

ድምፄን አሳምሬ አነበብኩላት።

ፊቷ ትንሽ ወደቀ። «ይኼ ብቻ? ለበዓል ይወጣል ሲሉኝ ነበር።»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ስድስት ገበያ ነው የተናገረው።»

አጠገቧ የቆመው የባሕር ዳር ነጋዴ የሰማውን ማመን አቅቶት ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ቡሬ ተመለከተ። ወዲያው ፊቱን ቅጭም አድርጎ፣ «ያው እንግዲህ፤ መንግሥት የጻፈውን እሰጥሻለሁ። ሰሌዳውን የተከልኩት እኔ አይደለሁም» አላት።

ሸጠች። ቡሬ በዝናቡ ውስጥ ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁት፤ ከዚያ ጭጋጉ ዋጠው። እኔም ረክቼ ወደ ቢሮ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንዱ፣ «ዛሬስ ሰንጋ እሳት ሆነ! የቅርጫ ገዢው ተሻምቶበት ዋለ» ሲል ሰማሁ። ስኒው እጄ ላይ ቀረ። ለራሴ ግን፣ ሰው ያጋንናል አልኩ። እኔ ስለማጋንን ሌላውም የሚያጋንን ይመስለኛል፤ ይህ የኛ ዓይነት ሰው በሽታ ነው።

ጋሼ ውበቱ መስከረም ብቶ፣ ጉልበቱ ተፈትቶ፣ ፊቱ ወዝቶ መጣ። ደብተሩን ሳይገልጥ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። ኮምፒውተር መክፈት እንኳ አያውቅም ነበር። ከላይ እስከ ታች አየና በጣቱ መስታወቱን ነካ።

«እነዚህ ለምን ወደ ግራ ቆሙ?»

«የቶቹ?»

«ሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ወደ ቀኝ ተሰልፈዋል። የጳጉሜዎቹ ግን ተለይተው ወደ ግራ ቆመዋል። ተጣልተዋል እንዴ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነገሩ ቀላል ነበር። ቀኑን የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ኮምፒውተሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ያውቃል። ወር አሥራ ሦስት ብዬ ስጽፍለት ይህ ቀን አይደለም ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ተራ ቃል ወደ ግራ ገፍቶ አስቀመጠው። ፎርሙላዋ ትልቁን ቀን ስትፈልግ እነዚያን አልቆጠረቻቸውም። ሰሌዳው ላይ በሚያምር እጄ «ጳጉሜ ፫» ብዬ የጻፍኩት የነሐሴ ዋጋ ነበር። በዓሉ ያልነካው፣ ቅርጫ ያልተሻማበት ዋጋ። ወደ ላይ ስመለከት ካለፈው ዓመት ያስገባሁት ጥቅምት ሠላሳም ወደ ግራ ቆሟል፤ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ሠላሳ የለውምና። እሱን ግን የሚቀጥለው ገበያ ሸፍኖታል፤ ማንም አልተጎዳበት። የጳጉሜውን ግን ቡሬ በራሱ ዋጋ ሸፈነው።

ወረቀቶቹን አወጣሁ። ጳጉሜ ሁለት፣ ይፋግ፣ ሰንጋ፦ ትክክለኛው ዋጋ በሰብሳቢው እጅ ተጽፎ ነበር። በገዛ ጣቴ አስገብቼዋለሁ። ዓይኔ ሥር ነበር።

ለጋሼ ውበቱ መናገር ጀመርኩ፤ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንዳሰብኩ። በእጁ አስቆመኝ።

«እኔ ዘንድ ምን ታወራለህ? በሬው የኔ አይደለም።»

በግምገማው ላይ ግለ ሂስ አቅርቤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወሰድኩ። ደብዳቤው ቀላል ነበር። ከባዱ ሜዳውን መሻገር ነው። ውሃው ገና አልሸሸም ነበርና አንድ ባለታንኳ ወሰደኝ። የፀሐዩ ብርሃን ውሃው ላይ ተኝቷል፤ የአደይ አበባ በየዳገቱ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ታንኳው ድምፅ የለውም። ምነው መንገዱ ባላለቀ አልኩ። አለቀ።

እትዬ የሻረግ ደጇ ላይ ማሽላ ታሰጣ ነበር።

«ኧረግ! አቶ ሰሌዳ! ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«የጠፋው የርስዎ ነው፣ እትዬ።»

ነገርኳት። ሳልቀልድ ነገርኳት፤ ይህን ያህል ጊዜ ሳልቀልድ የተናገርኩበት ሌላ ቀን የለኝም። እጇ ማሽላው ላይ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ቆመ።

«ታዲያ አምስቱን ቀን የት አደረጋቸው ያ መኪናህ?»

«ወደ ግራ ገፋቸው።»

«ከነቡሬ?»

«ከነቡሬ።»

መልሳ ማሽላዋን መበተን ጀመረች። ከውሃው ላይ ወፎች ተነሥተው እንደገና አረፉ።

«ለሞተሩ አልሞላልኝም። ሻጩም ለሌላ ሰጠው። መሬቱን መልሼ ለእኩል ሰጠሁ፤ ዘንድሮም ሽንኩርቱ ግማሹ የሰው ነው» አለች። «እኔ እኮ ሰሌዳውን አላመንኩም። ፊደል ሳይኖረኝ ሰሌዳ ምን ይለኛል? አንተን ነው ያመንኩ። አንተ ደግሞ ያየኸውን ነገርከኝ። የሰማኸውን አይደለም።»

«ከደሞዜ በየወሩ...»

«ተወው! ያንተን ደሞዝማ ወረታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስንቱን ዘመን ልትከፍለኝ ነው? ይልቅ ስማ። አንድ በሬ ቀርቶኛል። ለመጪው ጳጉሜ አደልበዋለሁ። ሰሌዳህን አላይም። አንተን እጠይቅሃለሁ።»

ዓመቱን ሙሉ በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ሠንጠረዡን አፈረስኩት። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ለየብቻ ጽፌ አንድ ረጅም ቁጥር አድርጌ አጣበቅኋቸው፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ከአሥራ ሁለተኛው ቀጥሎ በወግ ተሰለፈ። ፎርሙላዋንም አንድ ነገር ጨመርኩላት፦ የመጨረሻው ዋጋ ሳምንት ካለፈው ቁጥር እንዳታመጣ፣ በቦታው «አልሰማሁም» እንድትል። አለቃችን ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ቃል እንደገና መጣ?» አለ። «ጌታዬ፣ አሁንስ ኮምፒውተሩ ነው ያለው» አልኩት። ኮምፒውተር ካለውማ ብሎ ተወኝ። ጋሼ ውበቱ ቃሉን መስታወቱ ላይ ሲያየው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። እሱ ዘንድ ይህ ኒሻን ነው።

ጳጉሜም ደረሰች። ጋሼ ውበቱ ወንዛዬ ወረደ፤ ቅርልኝ ብዬ አልለመንኩትም። እሱም ምንም ሳይለኝ ሄደ። ሌላ ምክር አልነበረውም፤ የነበረውን ሰጥቶኛል።

በገበያው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሰንጋ ተራ ደረስኩ። እንደ ዓምናው ይዘንባል። ከበሬዎቹ ኋላ ቆምኩ፤ ሁለቴ ተረገጥኩ። ጭጋጉ ውስጥ ሰው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ይመጣል። ሕልሙን ሰማሁ፤ ብዙ ሕልም ነበር። ስድቡን ሰማሁ፤ አንዱማ የበሬውን አያት ድረስ ሄዶ ሰደበ። እርሳሴን አላነሣሁም። ረፋዱ ላይ አንዱ ገዢ ለጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያንን ዋጋ ካለ እንውሰደው፤ ማታ ይጨምራል» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። ጻፍኩ።

እትዬ የሻረግ ሁለተኛውን በሬ ይዛ መጣች። ለሰሌዳው ጀርባዋን ሰጥታ አጠገቤ ቆመች። ነጠላዋ በስብሷል፤ በሬው ይተነፍሳል። ያው የዓምናው ነጋዴ ከወዲያ ሆኖ ያየናል።

«ስንት ነው?»

ነገርኳት።

«አይተህ ነው ሰምተህ?»

«ሰምቼ።»

«ስንተኛውን?»

የጋሼ ውበቱን ሦስት ዋጋ ከየት እንደሰማችው አላውቅም። «ሦስተኛውን» አልኳት።

ነጋዴውን በአገጯ ጠራችው። ገና ያላደስኩትን፣ የባለፈው ገበያ ዋጋ ያለበትን ሰሌዳ እያሳየ ብዙ ተናገረ። እሷ አንድ ቁጥር ብቻ ደጋገመች። ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። በሦስተኛው እጁን ወደ ኪሱ አስገባ።

አልተሰነባበትንም። በሬው ሲሄድ እሷም ሄደች።

ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ አንድ ጠዋት ወደ ይፋግ መንገድ እየሄድኩ ነበር። ሜዳው ገና ጭጋግ ለብሷል፤ ማንም አይታይም። ከእትዬ የሻረግ መሬት በኩል ዱክ ዱክ ዱክ የሚል የሞተር ድምፅ መጣ። ቆምኩ። ጫማዬ ቀስ እያለ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ አላወጣሁትም። ደብተሬን ከባርኔጣዬ ሥር አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ።

ሄጄ አላየሁትም። ሰማሁት።